በደባርቅ እጅ የተለካ ብርድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ትዕግሥት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስታመጣኝ ዳባት ላይ አቁሚ አልኳት። ዳባትን ድንች ሳልበላ ማለፍ አይሆንልኝም። መንገድ ዳር ከምትሸጥ ሴት ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን፣ የመኪናውን በር ከፍተን፣ እግራችንን ወደ ውጭ ዘርግተን እየላጥን መብላት ጀመርን። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ትዕግሥትን በዕድሜ ሳትበልጣት አትቀርም። ሞተሯ ግን ጨዋ ነው፤ መርጬ ያስገዛኋትም እኔው ነኝ።

«አባዬ፣» አለችኝ ሁለተኛውን ድንች ስትልጥ፣ «ኤሲው መንፋት እንጂ ማቀዝቀዝ ትቷል። በሚቀጥለው ወር ሥራዬ ዛሪማ መሆኑን ታውቃለህ። በዚያ ግለት እንዴት አድርጌ ልመላለስ? አንተ እያለህልኝ ለሌላ ሰው አልሰጠውም፤ ነገ አንድ ነገር አድርግልኝ።»

የምልጠውን ድንች አስቀመጥኩ። ይህች ልጅ አባቷ የማይጠግነው መኪና ያለ አይመስላትም፤ እንዲህ እንድታስብ ያደረግኋትም እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሞተር አውርጄ ሰቅያለሁ፤ የተሰበረ ካምቢዮ በሽቦ አስሬ ከሊማሊሞ ሥር አውጥቻለሁ። ኤሲ ግን ከአንዲት የመጋቢት ቀን ወዲህ ነክቼ አላውቅም። ቤተሰቤ የሚያውቀው አንድ አመሌን ብቻ ነው፤ ኤሲ በተከፈተ ቁጥር በእኔ በኩል ያለውን መስኮት አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደርጋለሁ። ልጆቹ «አባዬ ብርዱን ሊሸኘው ነው» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለምን እንደማደርገው ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የምሠራው ደባርቅ መግቢያ ላይ በነበረች ጋራዥ ነው። ጋራዥ ማለቴ ለክብሯ ነው እንጂ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮና ዘይት የጠጣ መሬት ነበረች። ባለቤቷ ጋሽ ተገኘ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ልማድ ነበራቸው። የመጣው መኪና ከአቅማቸው በላይ ሲሆንባቸው ብዙ አያወሩም፤ ከኪሳቸው ጠመኔ ያወጡና መስታወቱ ላይ «ጎንደር» ብለው ይጽፋሉ። እዚህ አይሠራም፣ ጎንደር ውሰዱት ማለታቸው ነው። ሾፌሩም ያነባል፣ ያለ ክርክር ይሄዳል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት መኪና እንዲህ ግንባሩ ላይ ተጽፎበት በከተማው መሐል ያልፍ ነበር። እኔ ያቺን ጠመኔ እጠላት ነበር። የጋራዧ ስም የሚጠፋው በእሷ የተነሣ ይመስለኝ ነበር፤ ደግሞም፣ አሁን ልናዘዝና፣ ከእሳቸው የተሻልኩ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ጋሽ ተገኘ ለወንድማቸው ተዝካር መካነ ብርሃን ሄዱ። የዚያ መንገድ ነገር መሄዱ እንጂ መመለሻው አይታወቅም። ሊወጡ ሲሉ የጋራዡን ቁልፍና ጠመኔዋን መዳፌ ላይ አስቀምጠው «ያወቅኸውን ሥራ፤ ያላወቅኸውን ጻፍበት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ዞር ሲሉ ጠመኔዋን ከቆሸሸ ጨርቅ ጋር መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ወረወርኳት።

በሦስተኛው ቀን ያሲን መጣ። ያሲን አብሮ አደጌ ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ በደባርቅና በዛሪማ መካከል ይነግዱ ነበር፤ ሲሞቱ ንግዱን ይዞ ደባርቅ ቀረ። እናቱ እመት ዘይነባ የሚኖሩት ዛሪማ ነው። ለእሱ ሠርግ ወደ እኛ ወጥተው ሳሉ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ያዛቸው። ያሲን ጎንደር ወስዶ አሳያቸው፤ ሐኪሙም የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ቶሎ ወደለመዱት ቆላ ቢመለሱ እንደሚሻላቸው፣ ግን መንገድ ላይ አቧራም ግለትም እንዳያገኛቸው፣ ልባቸው እንደማይችለው ነግሮት ነበር።

ሊማሊሞ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው አስፋልት አልነበረም። በበጋ አቧራው ዱቄት ነው፤ መስኮት ከከፈትክ ቅንድብህ ይነጣል፣ ከዘጋህ ደግሞ ከመሐል በታች ሙቀቱ ያፍንሃል። ያሲን እናቱን በዚያ መንገድ ለማውረድ የነበረው ምርጫ አንድ ነው፤ መስኮት ዘግቶ በኤሲ መሄድ። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛት ነጭ ስቴሽን መኪናው ኤሲ ነበራት፤ ከሠራች ግን ዓመታት አልፈዋል። ደባርቅ ላይ ማን ኤሲ ይፈልጋል? እግዜር በነጻ የሚያወርደው ብርድ አልበቃን ብሎ!

«ፈንታ፣ ትችለዋለህ አይደል?» አለኝ ኮፈኑን ተደግፎ። «ጎንደር ከሆነም ንገረኝ፣ ዛሬውኑ እነዳታለሁ። እናቴ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። የማይሆን ከሆነ አታስጠብቀኝ።»

«አላውቅበትም» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ኤሲ ሲጠገን አይቼ እንኳ አላውቅም ነበር። ግን ጋራዡ በእጄ ሆኖ፣ በልጅነት ጓደኛዬ ፊት፣ ያቺ ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። «ምን ያለ ጥያቄ ነው! ከነገ ወዲያ እናትህን ታወርዳለህ» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ግማሹን ሥራ አሳምሬ ሠርቻለሁ። የተበጠሰውን ቺንጋ ቀየርኩ፤ የደረቀውን ኮምፕሬሰር ዘይት አጠጥቼ በእጄ አዞርኩት፤ የተሰነጠቀውን የጎማ ቱቦ ቆርጬ በፋሸታ፣ በብረት ቀለበት፣ አጠበቅሁት። የቀረው ጋዙ ነበር። የኤሲ ጋዝ ደባርቅ የለም፤ ከጎንደር ሰው ልኬ ላስመጣ ብል ቀናት ይፈጃል። በዚህ መሐል አንድ የመተማ መስመር ሾፌር ድሮ ያጫወተኝ ነገር ትዝ አለኝ። «እኛ ቆላ ላይ ቡታጋዝ ነው የምንሞላው፤ ከእውነተኛው በላይ ያቀዘቅዛል። ቱቦው ላብ ላብ ሲለው ታቆማለህ፣ በቃ» ብሎኝ ነበር።

ቡታጋዝ ያው ምግብ የሚበስልበቱ ነው። ክብሪት ሲነካው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ሲሊንደሩን ያዋሰኝ የሆቴል ምግብ አብሳይ ራሱ አንድ ቀን ምድጃውን ከፍቶ ክብሪት ሲፈልግ ዘግይቶ ቅንድቡን ያጣ ሰው ነበር። «ለምንህ ነው?» ሲለኝ «ለብየዳ» አልኩት። ያሲን «ጋዙን ከየት አገኘኸው?» ሲለኝ ደግሞ «ቀደም ብዬ ከጎንደር በአውቶብስ ያስመጣሁት ነው» አልኩት። ሁለቱም ውሸቶች ሳላስብባቸው ነው ከአፌ የወጡት፤ እንዲህ ቀላል መሆናቸው ራሱ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሞላሁት። የደባርቅን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ወጥታም ብረት ሲጨብጡት ጣት ያደነዝዛል። ጌጅ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ መለኪያዬ መዳፌ ነው። ትንሽ ለቀቅሁና ቱቦውን ያዝኩት፤ ላብ የለም። ጨመርኩ፤ የለም። እንደገና ጨመርኩ። በዚያ ደረቅ ብርድ ቱቦው እንዴት ብሎ ያልበዋል? ሾፌሩ የነገረኝ የቆላ ምልክት ነበር፤ እኔ ደጋ ላይ ቆሜ የቆላን ምልክት እጠብቃለሁ። ሲሊንደሩ እስኪቀለኝ ድረስ ሞላሁት። ኮፈኑ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባሁት፤ አንድም አረፋ አልተነፋም። ሞተሩን ስናስነሣው ከሾፌሩ ፊት ካለው ክሩስኮት የወጣው ብርድ የያሲንን ጥርስ አንቀጫቀጨው። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለኝ ትከሻዬን እየመታ።

በነጋታው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ያሲን እናቱን ከኋላ ወንበር የሚደግፍለት ሰው ስለፈለገ እኔም አብሬ ወረድኩ። እመት ዘይነባ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊታቸው ሁሉ ዓይን የሆነ ሴት ነበሩ። ሁለት ትራስ ተደግፈው፣ አገልግል ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ሁዳዴ መሆኑን... አውቃለሁ» አሉኝ። «ላንተ የተልባ ፍትፍት... ለብቻው አሠርቻለሁ... ቅቤ አልነካውም።» አነጋገራቸው በዚያ ሰሞን እንዲህ ነበር፤ ጥቂት ቃል፣ ከዚያ ትንፋሽ ፍለጋ።

ከደባርቅ ወጥተን ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስንደርስ ያሲን መስኮቶቹን በሙሉ አዘግቶ ኤሲውን ከፈተ። ከፊታችን የወረደ የጭነት መኪና አቧራውን ገደሉ ላይ አንሳፍፎታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል። የመኪናው ውስጥ ግን ንጹሕና ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት ጥምዞች እንደወረድን እመት ዘይነባ ዓይናቸውን ከድነው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፤ ደገሙት፤ ሠለሱት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የደባርቅን ብርድ ይዘን ዛሪማ እየወረድን እኮ ነው! ልጄ፣ አላህ እጅህን ይባርከው።» ይህን ሁሉ ሳያርፉ ነው የተናገሩት። ያሲን በውስጠኛው መስታወት ዓይኔን ፈልጎ አየኝ፤ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሽታው የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በመጀመሪያ የራሴ እጅ መሰለኝና መዳፌን አሸተትኩት፤ ሳሙና ብቻ ነው። ጎንበስ አልኩ። ከፊት፣ ከአየር መውጫው በኩል እየመጣ ነበር፤ ያ የሆቴሉ ማድ ቤት ሽታ፣ የከረመ ሽንኩርት የሚመስለው። አረፋ የቀባሁት ኮፈን ሥር ያለውን ብቻ እንደነበር፣ ክሩስኮቱ ውስጥ የተደበቀውን መገጣጠሚያ ዞር ብዬ እንዳላየሁት ትዝ አለኝ። ሦስታችንም መስኮት ዘግተን ቡታጋዝ እየተነፈስን ነው።

መስኮቴን ትንሽ ዝቅ አደረግሁ። አቧራው ወዲያው ገባና እመት ዘይነባ ማሳል ጀመሩ። ሳል ሲያፍናቸው ከንፈራቸው ጠቆረ፤ ክንዴን የያዙበት ጣት ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

«ዝጋው እንጂ! ምን ሆነሃል?» ብሎ ያሲን ጮኸብኝ።

ዘጋሁት። «ኤሲውን ትንሽ ብናሳርፈው» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አይመስልም።

«ገና አሁን መተንፈስ ጀመረች፣ ታሳርፋለህ? ምን፣ በሬ ነው የሚያርፈው?» አለና ሳቀ። እናቱም በሳላቸው መሐል ፈገግ አሉ።

በየጥምዙ ሙቀቱ ይጨምራል። በመስታወቱ ላይ ግንባሬን ባስጠጋ ያቃጥላል። የኮምፕሬሰሩ ድምፅም ተለወጠ፤ ጠዋት ያንጎራጉር የነበረው አሁን ያቃስታል። ሁለተኛው ጥፋቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጎማን ደባርቅ ላይ አጠንክረህ ነፍተህ ዛሪማ ከወረድክ እንደሚወጠር የማያውቅ የዚያ መንገድ ሾፌር የለም። ለስንቱ ሾፌር «ትንሽ አተንፍሰው» ብዬ መክሬያለሁ። ለጎማ ያሰብኩትን ለኤሲው አላሰብኩለትም። በደባርቅ ብርድ፣ በደባርቅ እጅ ለክቼ የሞላሁት ጋዝ አሁን በቆላ ፀሐይ ያበጠ ነው፤ የያዘውም እኔ በፒንሳ ያጠበቅሁት ፋሸታ ነው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እኔን ነበር።

ለምን ወዲያው አልተናገርኩም? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ አንሥቼዋለሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ፈራሁ። እሳቱን ፈራሁ፣ ከእሳቱ እኩል ደግሞ የያሲንን ፊት ፈራሁ። «ከጎንደር አስመጣሁት» ያልኩትን እንዴት ልመልሰው? ከሚቀጥለው ጥምዝ በኋላ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ጥምዙ ያልፋል። መንገዱ ትንሽ ሲሰፋ እላለሁ፤ ይሰፋል፣ ዝም እላለሁ። በልቤ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ተሳልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ውሸታም ስለት ይሰማለታል ወይ ብዬ ፈራሁ። እመት ዘይነባ ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። እንቅልፍ ይሁን ጋዙ ያዞራቸው አላወቅሁም፤ አፍንጫቸው ሥር ጣቴን አድርጌ ትንፋሻቸውን እቆጥር ጀመር።

መውረጃው ሊያልቅ ሲል፣ የጭነት መኪኖች ፍሬን ለማቀዝቀዝ የሚቆሙባት ሰፊ ቦታ ላይ ያሲን አቆመ። የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደርሶ ነበር። «ውሃዋን ልያት፣ እማ» አለና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። እመት ዘይነባ ነቁ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ቢያንስ ቆመናል፤ ቢያንስ ኤሲው ጠፍቷል። ይኸው አሁን ወርጄ በጆሮው እነግረዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ኮፈኑን ሲከፍት አየሁት፤ ሌላ ነገርም ትዝ አለኝ። ያሲን ሲጋራ ያጨሳል። ከአባቱ ሞት ወዲህ የጀመረው ነው። ታዲያ በእናቱ ፊት? ሞቱን ይመርጣል። በእኛ አገር ልጅ የቱንም ያህል ቢያድግ፣ ቢነግድ፣ ቢያገባ፣ በወላጅ ፊት አያጨስም። ስለዚህ ያሲን አንድ ዘዴ ነበረው። እናቱን ይዞ መንገድ ሲሄድ ውሃ ላይ ብሎ ይቆማል፣ ኮፈኑን ወደ ላይ ያነሣል፣ ከኮፈኑ ጀርባ ቆሞ ያጨሳል። ኮፈን የሾፌር መጋረጃ ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እናትየውን በወሬ እይዝለታለሁ፤ ስንት ዓመት የሠራነው ሥራ ነው። አሁንም ኮፈኑ ተነሥቶ ያሲንን ከለለው። ከመከለሉ በፊት ያየሁት እጁን ነው፤ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሲሄድ።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። «ያሲን! እሳት እንዳትጭር! ቡታጋዝ ነው! ቡታጋዝ ነው የሞላሁት!» እያልኩ ጮኽኩ። ድምፄ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ስደርስ ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ነው፤ የክብሪቱን እንጨት ከሣጥኑ ጎን አስጠግቶ፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። በጥፊ ነው የመታሁት፣ እጁን። ክብሪቱ ተበተነ። በዚያው ቅጽበት ፋሸታው ለቀቀ። ፉጨቱ ጆሮ ይሰነጥቃል፤ ነጭ ጉም ከሞተሩ ላይ ተነሥቶ ሁለታችንንም ዋጠን፣ ክንዴንም እንደ በረዶ አቃጠለው። በዚያ ሁሉ ሙቀት መሐል ያ ብርድ መጣ፤ እስካሁን አንዳንዴ በሕልሜ ይመጣብኛል።

«እማ!» አለ ያሲን። ሮጠን በሩን ከፈትን። እመት ዘይነባን አዝዬ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወደ ላይ ሮጥኩ። ክብደት የላቸውም፤ ጀርባዬ ላይ የሚሰማኝ ትንፋሻቸው ብቻ ነው፣ እሱም ይቆራረጣል። አንዲት ቁርቁራ ዛፍ ሥር አስቀመጥናቸው። ያሲን ነጠላቸውን ውሃ ነክሮ በፊታቸው ላይ ያዘላቸው። ዓይናቸው ወደ ላይ ሄደ። በእጄ ሞቱ ብዬ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፣ በዚያ ፀሐይ። ከእኛ ራቅ ብሎ መኪናው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ፉጨቱ ቀስ በቀስ ቀጥኖ ጠፋ።

ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ትንፋሻቸው አንድ አንድ እያለ ተመለሰ። ያሲን ተንበርክኮ እናቱንም እኔንም አያይም፤ የእሱ ክብሪትም የእኔ ጋዝም አንድ ላይ ተጋልጦ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን። በመጨረሻ እመት ዘይነባ ነጠላውን ከፊታቸው ላይ አነሡት።

«ሲጋራውን... ከአባትህ ሞት ጀምሮ... አውቃለሁ» አሉት። ያሲን አንገቱን ደፋ። «እናት... አፍንጫ የላትም? ዝም ያልኩህ... እፍረትህ እንዳይጠፋ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ ዓይናቸው ውስጥ ፈለግሁ፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ያንተን ግን... አላወቅሁም፣ ልጄ። የማላውቀው እኮ ነው... የሚገድለኝ።»

«አላውቅበትም ነበር፣ እመት ዘይነባ» አልኩ። «ኤሲ ነክቼ አላውቅም። ማሩኝ።» ያቺን ቃል ከሁለት ቀን በፊት ብላት ትንፋሽ እንኳ አትፈጅብኝም ነበር። አሁን ስናገራት አለቀስኩ።

መኪናውን ማስነሣት ነበረብን፤ በእግር ዛሪማ አይደረስም፣ ፀሐዩም ወደ እኩለ ቀን እየሄደ ነው። በሮቹን ሁሉ ከፍተን ነፋስ ሲመላለስበት ቆየ። ሽታው ጠፍቷል፤ ግን ወንበር ሥር፣ ምንጣፍ ሥር ምን እንደቀረ ማን ያውቃል? ያሲን ቁልፉን ይዞ ተነሣ። ከእጁ ወሰድኩት። «አንተ እናትህ ጋ ቁም» አልኩት። መኪናው እስክደርስ የቆጠርኩት እርምጃ ሠላሳ ነው፤ በየእርምጃው ያ ቅንድብ የሌለው ምግብ አብሳይ ይታየኛል። ተቀመጥኩ። አማተብኩ። ቁልፉን ከማዞሬ በፊት ወደ ቁርቁራዋ አየሁ፤ እመት ዘይነባ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩት። ሞተሩ እንደ ወትሮው ተነሣ።

የቀረውን መንገድ መስኮት ከፍተን፣ እርጥብ ነጠላ እመት ዘይነባ ፊት ላይ እየለዋወጥን፣ የሰው እርምጃ ያህል እየተጓዝን ወረድን። ያሲን ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ከቁርቁራዋ ሥር ከመነሣታችን በፊት ግን እመት ዘይነባ አገልግሉን አስከፍተው ያን የተልባ ፍትፍት አስበልተውኛል። በእጃቸው አንድ ጉርሻ ሰጡኝ። ጎርሼ ዋጥኩት።

የቆላው አየር ተስማማቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ያሲን እስከ ፋሲካ ድረስ አላናገረኝም። በፋሲካ ዕለት «እንኳን አደረሰህ» ሊለኝ በሬን ሲያንኳኳ ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ቆመን ሳቅን። ዛሪማ በወረድኩ ቁጥር እናቱን ሳልጠይቅ አላልፍም ነበር፤ እሳቸውም ገና ከበሩ ሲያዩኝ «ዛሬስ ምን ደብቀህ መጣህ?» ይሉኛል። ቤቱ ይስቃል። እኔ ግን በየጊዜው ኪሴን እንደሚፈትሽ ሰው ራሴን እመረምር ነበር። ጋሽ ተገኘ ከመካነ ብርሃን ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሣጥኑን ከፍተው ጨርቁን ገልብጠው ጠመኔዋን አወጡና ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ።

ዳባት ላይ ይህን ሁሉ ለትዕግሥት ስነግራት ድንቹ ቀዘቀዘ። «እና አባዬ፣ ኤሲውን...» ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም።

«አላውቅበትም፣ ልጄ» አልኳት። በሕይወቷ ይህን ቃል ከእኔ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ በፊቷ ላይ አየሁት። እኔም ያን ያህል ዓመት መፍራቴን አየሁ። አንዲት ቀን ያሸነፍኩት የመሰለኝ ውሸት በልጄ ዘንድ ሌላ መልክ ይዞ ኖሯል፤ የማይጠግነው የሌለ አባት ሆኖ። እሷም በዚህ እምነት በሚቀጥለው ወር ዛሪማ ልትወርድልኝ ነበር።

ተነሥቼ ወደ መኪናው ኋላ ሄድኩ። ጠመኔ አልነበረኝም፤ መስታወቱ ግን የጎንደርን መንገድ አቧራ ለብሷል። በጣቴ በትልቁ «ጎንደር» ብዬ ጻፍኩበት። ትዕግሥት አነበበችው። መኪና በቆመ ቁጥር መስታወት መጥረግ ልማዷ ነው፤ ጨርቋን አውጥታ የፊቱንም የጎኑንም ጠራረገች፣ የኋላውን ግን ተወችው። ደባርቅ ስንገባ ጋራዟ በነበረችበት ቦታ በኩል አለፍን፤ ዛሬ እዚያ የሞባይል መሸጫ ሱቅ ቆሟል። ደጃፉ ላይ የተቀመጡ ወጣቶች መስታወቱን አንብበው ተጠቋቆሙና ሳቁ። እኔም መስኮቴን እስከ ታች ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኳቸው።